ቁርጭምጭሚት ተወግቶ ፊኛ ይረጋጋል?

ጥያቄ፦ «58 ዓመቴ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ሽንቴ አላስቀምጥ ካለኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ነቅቼ አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ፤ ተኝቼም ሦስት አራቴ እነሳለሁ። ቤቴ በር ላይ ቁልፍ ስፈልግ ያመልጠኛል። ማስቀደስ ትቻለሁ ማለት ይቻላል። ሁለት ዓይነት ክኒን ሞከርኩ። የመጀመሪያው አፌን አደረቀው፤ ሁለተኛው ምንም አልፈየደልኝም። አሁን ሐኪሜ ወይ ቁርጭምጭሚቴ ላይ በመርፌ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡኝ፣ ወይ መቀመጫዬ ላይ ትንሽ ማሽን እንደሚቀብሩልኝ ነገረችኝ። እኔን ያስቸገረኝ ፊኛዬ ነው፤ እግሬ ምን አደረገ? ነርቭ ተነካክቶ ሽባ ብሆንስ? ስኳር አለብኝ፤ ሜትፎርሚንና ጃርዲያንስ እወስዳለሁ። ማሽኑ ከተቀበረ ጸበል መጠመቅ፣ አገር ቤት ደርሶ መምጣት ይቻላል?»

መልስ፦ እህቴ፣ «እግሬ ምን አደረገ?» ያሉትን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ። ግን በአንድ ቃል ብቻ ያለፉት ነገር ዓይኔን ስለያዘው ከእሱ ልጀምር።

ጃርዲያንስ። ይህ መድኃኒት የደም ስኳርን የሚቀንሰው በሽንት ጠርጎ በማስወጣት ነው። ስኳር ደግሞ ብቻውን አይወጣም፤ ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሽንት ይበዛል። ብልት አካባቢ ፈንገስ እንዲራባም ሊያደርግ ይችላል፤ እሱም በተራው ያቃጥላል፣ ያጣድፋል። መድኃኒቱን የጀመሩት መቼ ነው? ጥድፊያው ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን ቁጭ ብለው ያስቡት። በራስዎ ግን እንዳያቋርጡት፤ ለልብና ለኩላሊት የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። የስኳር ሐኪምዎንና የፊኛ ሐኪምዎን ያገናኟቸው ነው የምለው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አይነጋገሩም። አንዱ ሽንት የሚያበዛ ያዛል፣ ሌላዋ ሽንት የሚይዝ ታዛለች፤ መሃል ላይ የሚንከራተቱት እርስዎ ነዎት።

ስለ ቡናም አልነገሩኝም። የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ሐበሻ ቡና አልጠጣም ብትለኝ ግን አላምናትም። ካፌይን ሽንት ያበዛል፣ ፊኛንም ያስቆጣል። አልከለክልዎትም። ግን ከባዱ አቦሉ ነው፤ ለፊኛዎ በረካው ይሻለዋል። ከመተኛትዎ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ግን ሁሉም ቢቀር ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ። እኛ ዘንድ «ነርቭ» የሚለው ቃል ብቻውን ያስደነግጣል። ምክንያትም አለው። ሰፈር ውስጥ «መርፌ ነርቭ መትቶት እግሩ ሰለለ» የተባለ ልጅ የማያውቅ የለም። ያ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ መቀመጫ ላይ የተወጋ መድኃኒት ትልቁን የእግር ነርቭ ሲያገኘው የሚደርስ ነው። የቁርጭምጭሚቱ ሕክምና ግን ሌላ ነገር ነው። በመርፌው ውስጥ የሚገባ መድኃኒት የለም። መርፌው ራሱ የአኩፓንክቸር ዓይነት፣ በጣም ቀጭን ነው። ነርቩን አይወጋውም፤ አጠገቡ ይቀመጣል። የሚያልፈው ኤሌክትሪክም በባትሪ ከሚሠራ ትንሽ ሳጥን የሚመጣ ነው፤ ከፍተኛው 9 ሚሊ አምፔር ነው። ሽባ አያደርግም። የሚያጋጥመው ቢበዛ መርፌው በገባበት ቦታ ጠብታ ደም፣ ትንሽ መበለዝ፣ ለጥቂት ሰዓት የእግር ጣት መደንዘዝ ነው።

እግርዎ ምን እንዳደረገ ደግሞ እነሆ።

ጤነኛ ፊኛን እንደ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪ ያስቡት። ሞላ ሲል «ወራጅ አለ!» ይላል። ሾፌሩ፣ ማለትም አንጎል፣ «ቆይ፣ ፌርማታ ላይ» ይለዋል። ተሳፋሪው ይጠብቃል። ቦታው ሲደርስ በሩ ይከፈታል። የእርስዎ ተሳፋሪ ግን ገና መቀመጫውን ሳያሞቅ «ወራጅ!» ብሎ በሩን ይጎትታል፤ መኪናው እየሄደ። የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። እንዲህ ያለው ፊኛ ግን ግማሹ ሳይሞላ ጡንቻው ይኮማተራል። ኦቨርአክቲቭ ብላደር የሚባለው ይህ ነው። ዋናው ምልክቱ ጥድፊያው ነው፤ ድንገት መጥቶ «አሁን ካልሆነ» የሚለው። የመመላለሱ ብዛት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህ ተሳፋሪ ድምፁን የሚያሰማበት ሽቦ ከፊኛ ተነስቶ ወደ አከርካሪ ይሄዳል። የሚገባው ከመቀመጫ በላይ፣ ሳክረም በሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ውስጥ ባሉ ቀዳዳዎች ነው፤ በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሥር። አሁን እግርዎን ይመልከቱ። በቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን በኩል ቲቢያል የሚባል ነርቭ ያልፋል። ከእግር መዳፍ ስሜት ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ጭኑን አልፎ አከርካሪ ውስጥ ይገባል። ከሚገባባቸው ሥሮች መካከል ሁለተኛውና ሦስተኛው የሳክረም ሥሮች አሉበት። የፊኛው በር ማለት ነው። እግርና ፊኛ ሩቅ ለሩቅ ይምሰሉ እንጂ መግቢያቸው አንድ ነው።

በዚያ በር ከእግር በኩል የተስተካከለ፣ ለስላሳ ምት በሰከንድ 20 ጊዜ ሲገባ፣ አከርካሪው ከፊኛ የሚመጣውን ጩኸት ዝቅ ያደርገዋል። ጎኑ የተቀመጠ ሰው ወሬ እንደጀመረለት ተሳፋሪ በሉት፤ በሩን መጎተቱን ይተዋል። ሕክምናው ፊኛን አይጨምቅም፣ አያሽመደምድምም። ፊኛና አከርካሪ የሚነጋገሩበትን መንገድ ነው የሚያለዝበው። ክኒን ሲወስዱ አፍዎ የደረቀው መድኃኒቱ ፊኛን ሲፈልግ ምራቅ የሚያመነጨውንም ዕጢ ስላገኘው ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ወደ ምራቅ ዕጢ የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ሐሳቡ ከየት መጣ ካሉኝ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ያ ቦታ ቻይናዎች በአኩፓንክቸር ከጥንት ጀምሮ የሚወጉት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማክጓየር የሚባል አሜሪካዊ ዩሮሎጂስት (የሽንት አካላት ሐኪም) በቆዳ ላይ በሚለጠፍ፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ፕላስተር ሞከረው። ኋላ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማርሻል ስቶለር በመርፌ አደረገው። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2000 ለገበያ ፈቀደው። የሚቀበረው ማሽንም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው የወጣው፤ ትውልደ ግብፅ በሆኑት በኤሚል ታናጎና በባልደረባቸው ሪቻርድ ሽሚት። እሱ እንዲያውም ይቀድማል፤ የተፈቀደው በ1997 ነው። የሙከራ ነገር ላይ ልጥልዎት እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው ይህን ያነሳሁት።

የቁርጭምጭሚቱ ሕክምና ቀኑ ምን ይመስላል? ሶፋ ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ነርሷ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብላ መርፌውን ታስገባለች። ውስጥ እግርዎ ላይ ደግሞ ፕላስተር ትለጥፋለች። ከዚያ ቀስ እያለች መጠኑን ትጨምራለች፤ አውራ ጣትዎ እጥፍ እስኪል ወይም ጣቶችዎ እስኪዘረጉ፣ አለዚያ ውስጥ እግርዎ እስኪነዝርዎት። ይህ ቦታው መገኘቱን ማረጋገጫ ነው። ካመመዎት «ያማል» ይበሉ፤ ማመም የለበትም። እኛ ሐበሾች ሐኪም ፊት ጥርስ ነክሶ ዝም ማለት ጨዋነት ይመስለናል። እዚህ ጨዋነት አያስፈልግም። ከዚያ 30 ደቂቃ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው በቀጥታ ከሄዱ ያንቀላፉበታል።

ይህ በሳምንት አንዴ፣ ለ12 ሳምንት ነው። ከተሻለዎት በኋላ በወር አንድ ጊዜ ገደማ ማደሻ አለው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። መርፌው አያሸንፈውም፤ መመላለሱ ነው የሚያሸንፈው። ደግሞ ለውጡ በአንድ ጊዜ አይመጣም። አምስተኛው፣ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ምንም ላይታይ ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት «ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው» ብለው እንዳይተዉት። 12 ጨርሰው ካልተሻለዎት ያኔ ይተዉታል፤ ምንም የተቀበረ ነገር የለም፣ የሚወጣም ነገር የለም።

ይሠራል ወይ? ቁጥሩን ሳልደብቅ ልንገርዎ። በ2010 የወጣ አንድ ጥናት 220 ሰው ለሁለት ከፈለ። ግማሹ እውነተኛውን፣ ግማሹ የማስመሰያውን ሕክምና አገኘ። ማስመሰያውም መርፌ የሚመስል፣ የሚነዝርም ነገር ስላለው ሰዎቹ አያውቁም። ከ12 ሳምንት በኋላ በእውነተኛው 54.5 በመቶ፣ በማስመሰያው 20.9 በመቶ የሚሆኑት መካከለኛ ወይም ከፍተኛ መሻሻል አገኙ። እኔ ይህን ጥናት የምወደው ሁለቱንም ቁጥር ስለሚያሳይ ነው። አንዱ ለእኛ ጥሩ ነው፤ ከግማሽ በላይ ሰው ይሻለዋል። ሌላው ልክ ያስይዘናል፤ በማስመሰያም ከአምስት ሰው አንዱ ተሽሎታል፣ ከግማሹ ትንሽ ያነሰው ሰው ደግሞ በእውነተኛውም አልተሻለውም። ከክኒን ጋር ያነጻጸረው ጥናት 100 ሰው ነበረበት። የመመላለሱ ብዛት በሁለቱም ተቀራራቢ በሆነ መጠን ቀነሰ፤ አፍ የደረቀው ግን ክኒን የወሰደው ነው።

«ይድናል» አላልኩም፣ ልብ ይበሉ። በቀን 12 ጊዜ የነበረው ወደ 8 ይወርዳል፣ ከእንቅልፍ የሚነሱት ከአራት ወደ አንድ ወይም ሁለት፣ በሩ ላይ የሚያመልጠው በሳምንት አንዴ ይሆናል፤ ጥሩ ውጤት የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ጭራሽ ደረቅ የሚሆኑም አሉ። እዚያ ላይ ቃል የሚገባልዎት ሐኪም ካገኙ ግን ትንሽ ይጠራጠሩት።

የእርስዎ ስኳር እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ ያነሳል። አንደኛ፣ እግርዎ ይደነዝዛል? ጥጥ የረገጡ ይመስልዎታል? ስኳሩ የእግርን ነርቭ ክፉኛ ጎድቶት ከሆነ በዚያው ነርቭ መልእክት መላክ ፍሬው ይቀንሳል። ለሐኪምዎ ይንገሯት፤ በቀላል ምርመራ ይታወቃል። ሁለተኛ፣ ከሸኑ በኋላ ፊኛዎ ውስጥ ምን ያህል እንደሚቀር በአልትራሳውንድ ይለካልዎት። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ፊኛ አንዳንዴ ተቃራኒውን ያደርጋል። ስሜቱ ደንዝዞ ሳይጨርስ ይቀራል፣ የተረፈው ደግሞ ይንጠባጠባል። ከውጭ ሲታይ ተመሳሳይ ነው፤ ሕክምናው ግን ሌላ ነው። የልብ ምት ማስተካከያ የተቀበረበት ሰው፣ ደም በቀላሉ የማይቆምለት ሰው፣ እርጉዝ ሴት ይህን መርፌ አይወስዱም።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ሥራዎ ሰው ማንሳት ነው። ሕመምተኛ ሲያነሱ፣ ሲያስሉ፣ ሲስቁ ጠብ የሚልዎት ከሆነ ያኛው የጡንቻ መላላት ነው። የነርቭ ማነቃቂያ ለእሱ መድኃኒት አይደለም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ስለዚህ ለየብቻ ይናገሩ። ይህን የምታነብ ሌላ እህት ካለችና ሽንቷ ሳያጣድፋት፣ ቀንና ሌሊት፣ ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነ፣ በተለይ ከከባድ ምጥ በኋላ የጀመራት ከሆነ፣ የእሷ ፊስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ፣ ሊሆን ይችላል። እሱን ኤሌክትሪክ አይነካውም፤ በቀዶ ሕክምና ነው የሚዘጋው። አገር ቤት ላለች ሴት አዲስ አበባ ውስጥ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 የከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል አለላት።

ወደሚቀበረው ማሽን ልምጣ። ይህ መልእክቱን ከእግር ዞሮ እንዲመጣ አያደርገውም፤ በሩ ላይ ሄዶ ነው የሚቆመው። በሆድዎ ይተኛሉ፤ ሐኪሙ በራጅ እያየ ቀጭን ሽቦ በሦስተኛው የሳክረም ቀዳዳ በኩል ያስገባል። ባትሪው በመቀመጫ ላይኛው ክፍል ከቆዳ ሥር ይቀመጣል። ደስ የሚለው ነገር፣ ሳይሞክሩ አይገዙትም። መጀመሪያ ሽቦው ብቻ ገብቶ፣ ባትሪው ከውጭ ወገብዎ ላይ ታስሮ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይሞከራል። ችግርዎ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ ይቀበራል። ካልቀነሰ ሽቦው ይወጣል፣ ታሪኩ ያበቃል። ትዳርም እንዲህ ቢሆን ያሉኝ አንዲት ታካሚ ነበሩ።

ውጤቱ ከቁርጭምጭሚቱ ይበረታል። ሙከራውን አልፈው በተቀበረላቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ክትትል ከአምስት ዓመት በኋላም ብዙዎቹ ጥቅሙን እያገኙ እንደሆነ አሳይቷል። ግን ቀዶ ሕክምና ነው። ቦታው ሊመረቅዝ ይችላል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ቁስሉ ቶሎ ላይደርቅለት ይችላል። ሽቦው ሊንሸራተት፣ ባትሪው ያለበት ቦታ ሊቆረቁር ይችላል። ለማስተካከል ወይም ባትሪ ለመቀየር ተመልሰው ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገቡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የድሮዎቹ ባትሪዎች አምስት ዓመት ገደማ ነበር የሚቆዩት። ከ2019 ወዲህ የወጡት፣ ከውጭ ቻርጅ የሚደረጉት፣ እስከ 15 ዓመት እንዲያገለግሉ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ መጥቷል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀበር ትንሽ መሣሪያ። ኢኮይን የሚባለው፣ ስሙ እንደሚለው ሳንቲም የሚያህል፣ በ2022 ተፈቀደ። በራሱ ሰዓት ይነሳል፣ በራሱ ይጠፋል። ሬቪ የሚባለው በ2023 ተፈቀደ፤ እሱ ባትሪ የለውም፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ እግር ላይ በሚታሰር ቀበቶ ነው ኃይል የሚያገኘው። ሁለቱም በአካባቢ ማደንዘዣ ይገባሉ። በየሳምንቱ ክሊኒክ መመላለስ ለማይችል ሰው የተሠሩ ናቸው። ገና አዲስ ስለሆኑ በየክሊኒኩ አያገኟቸውም።

ቦቶክስስ? ሐኪምዎ አላነሳችልዎትም፤ ታንሳልዎት። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ነው፤ ፊኛ ውስጥ ይወጋል፣ ለወራት ይሠራል፣ ከዚያ ይደገማል። ሴቶች ላይ ከሚቀበረው ማሽን ጋር ያነጻጸረው ትልቁ ጥናት በ2016 ወጥቷል። ቦቶክስ የሚያመልጠውን በጥቂቱ በተሻለ ቀንሷል፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ግን ከ100 ሴት 35ቱ ላይ አምጥቷል፣ በማሽኑ 11 ነበሩ። አንዳንዴም ፊኛው ከሚገባው በላይ ይደነዝዝና ሰውየው ለጊዜው በቱቦ መሽናት ይኖርበታል። ስኳር ላለባት ሴት ይህ ኢንፌክሽን ነገር ያሳስበኛል።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ቁርጭምጭሚቱ ይቅደም። ምክንያቴ ቀላል ነው። የእግርዎ ነርቭ ደህና ከሆነ የሚያጡት ነገር 12 ጠዋት ብቻ ነው። ካልተሻለዎት ወደ ማሽኑ ሙከራ ይሻገራሉ፤ አንዱ አንዱን አይዘጋውም። በየሳምንቱ መመላለስ ፈጽሞ የማይቻልዎት ከሆነ ግን፣ ፈረቃው አይፈቅድም፣ መኪና የለም ካሉኝ፣ ተጀምሮ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ከሚቋረጥ ሕክምና የማሽኑ ሙከራ ይሻላል። የአሜሪካ ዩሮሎጂ ማኅበር በ2024 ያወጣው መመሪያም ሁሉም ሰው ክኒን በክኒን እየወደቀ መሄድ የለበትም፣ ከሐኪሙ ጋር ሆኖ የሚስማማውን ይምረጥ ይላል። ኢንሹራንሶች ግን ይህን ቶሎ አልሰሙም። ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ «ምን ሞከረች?» ይላሉ። የሁለቱን ክኒን ስም፣ መቼ እንደጀመሩ፣ ለምን እንዳቆሙ ጽፈው ይያዙ። ከዚያ የሦስት ቀን የሽንት መዝገብ፦ ስንት ሰዓት ሸኑ፣ ምን ያህል፣ ምን ጠጥተው ነበር፣ አምልጦዎት ነበር ወይ። መለኪያ ያላት የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ይበቃዎታል። የሌሊት ሠራተኛ ስለሆኑ «ሌሊት» ብለው አይጻፉ፤ «ተኝቼ» ብለው ይጻፉ። አለዚያ ሐኪሟ ሥራ ላይ የሸኑትን ከእንቅልፍ ነቅተው እንደሸኑት ትቆጥረዋለች።

እስከዚያው ግን በሩ ላይ ያለውን ነገር ዛሬውኑ መጀመር ይችላሉ። ጥድፊያው ሲመጣ አይሩጡ። መሮጥ ያባብሰዋል። ባሉበት ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ቢቻል ይቀመጡ። ሽንት ለመቋጠር የሚጨብጡትን ጡንቻ ቶሎ ቶሎ አምስት ስድስት ጊዜ ጨበጥ ለቀቅ ያድርጉት። ጥድፊያው እንደ ማዕበል ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲወርድ ነው የሚራመዱት። ይህም እኮ የነርቭ ማነቃቂያ ነው፤ ያ ጡንቻ ሲጨበጥ ፊኛ እንዲረጋጋ የሚነግረው መልእክት በዚያው በር ነው የሚገባው። ኤሌክትሪኩ ብቻ የለም። ብዙ ሰዎች ይንቁታል፤ ሁለት ሳምንት በትዕግሥት የሠሩት ግን አይንቁትም።

የቀሩትን ቶሎ ልመልስ። ጸበል፦ የቁርጭምጭሚቱ መርፌ ከሆነ በዚያው ቀንም ችግር የለም። የሚቀበረው ከሆነ በሙከራው ጊዜ ቁስሉ ውሃ አይነካውም፤ ከተቀበረም በኋላ ሐኪምዎ ቁስሉ ሽሯል እስክትልዎት መጠመቅ የለም። ከዚያ በኋላ ባትሪው ከቆዳ ሥር ነው፣ ውሃ አያገኘውም። ሽንት ስለሚያመልጠኝ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ያሉት ከሆነ ደግሞ፣ እሱን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ ሕመም መሆኑን ግን ከእኔ ሰምተው ይሂዱ።

አገር ቤት፦ ይቻላል። ማሽኑ ካለዎት መቀበሩን የሚገልጸውን ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙ፣ የኤርፖርቱ መፈተሻ ሊጮህ ስለሚችል ቀድመው ያሳዩዋቸው። የማሽኑን መቆጣጠሪያ ሪሞትና ቻርጀሩን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይክተቱ። ተቀብሮ ሳይረጋጋ፣ መጠኑ ገና ከፍ ዝቅ እየተደረገ እያለ ግን አይሂዱ። ኤምአርአይ የሚያዝልዎት ሰው ካለ ማሽን እንዳለብዎት መጀመሪያ ይናገሩ፤ አዲሶቹ በተወሰነ ሁኔታ ለሙሉ አካል ይፈቅዳሉ፣ የድሮዎቹ ለጭንቅላት ብቻ ነበር። ፊዚዮቴራፒ ሄደው ዳያተርሚ የሚባለውን ጥልቅ የሙቀት ሕክምና ግን ማንም እንዳይሰጥዎት፤ ሽቦውን ሊያግለው ይችላል። ቁርጭምጭሚቱን ከመረጡ ጉዞውን ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ያድርጉት። የወር ማደሻው መሃል ላይ ሦስት አራት ሳምንት ይበቃዎታል።

መጀመሪያ ቀን ሲሄዱ እስከ ጉልበት የሚሰበሰብ ሱሪ ወይም ሰፋ ያለ ቀሚስ ይልበሱ። በዚያ ጠዋት እግርዎን ቫዝሊን አይቀቡ፤ ፕላስተሩ አይይዝም።